በሐይቅና በአርዲቦ ዓሣ ለማጥመድ ዘንግ፣ ሪልና ማባበያ አመራረጥ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል እንደተጓዙ ሐይቅ ከተማ ይገኛል፤ በዚሁ ስም የሚጠራው ሐይቅና ጎረቤቱ አርዲቦ ሐይቅም እዚያው አካባቢ ናቸው። ጠዋት ጠዋት የመረብ አጥማጆች ጀልባቸውን ሲያስጠጉ፣ ከጎናቸው ዘንግ ይዞ የሚቆም ሰው ማየት እየተለመደ መጥቷል። ከደሴም ከኮምቦልቻም ለዕረፍት ቀን የሚመጡ አሉ። ዕቃው ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ከውጭ አገር ዘመድ ሻንጣ ነው፤ የተሠራውም ለሌላ አገር ዓሣ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች በአብዛኛው የሚነሡት ከዚሁ ነው። እኔ ለሁሉም የምለው አንድ ነገር ነው፦ መጀመሪያ ዓሣው ምን እንደሚበላና እንዴት እንደሚበላ እወቁ፣ ዕቃውን ከዚያ በኋላ ምረጡ።

የመጣልኝ ካርቶን ላይ «ለባስ» ይላል። ባስ ምን ዓይነት ዓሣ ነው? ሐይቅ ውስጥስ አለ?

የለም። ባስ የሚባለው፣ በተለይ አፈ ሰፊው ዝርያ፣ የሰሜን አሜሪካ ዓሣ ነው። አዳኝ ነው። ከወደቀ ግንድ ወይም ከውሃ ሣር ሥር ተደብቆ ይጠብቅና ትንሽ ዓሣ ወይም እንቁራሪት ሲያልፍ ተወርውሮ ይውጣል። የዓለም ክብረ ወሰኑ 22 ፓውንድ ከ4 አውንስ፣ ማለትም 10 ኪሎ ያህል ነው። በ1932 እ.ኤ.አ. ጆርጅ ፔሪ የተባለ ሰው አሜሪካ፣ ጆርጂያ ግዛት ውስጥ ያዘው፤ በ2009 እ.ኤ.አ. ደግሞ ማናቡ ኩሪታ ጃፓን ውስጥ ቢዋ ሐይቅ ላይ ተስተካከለው። ለኛ ቅርብ ከሆኑት ውሃዎች ኬንያ ናይቫሻ ውስጥ ከውጭ ገብቶ ይኖራል።

በሐይቅና በአርዲቦ በዘንግ የምታገኟቸው ዓሦች ሦስት ናቸው፦ ቀረሶ፣ ብዙ ሰው ቲላፒያ የሚለው፤ ካርፕ፤ እና አምባዛ። ቀረሶ ወደ ሐይቅ የገባው በ1970ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ነው፤ ካርፕም ለአገራችን መጤ ነው። ሦስቱም እንደ ባስ አድፍጠው በዓይን የሚያድኑ አይደሉም። ቀረሶ በብዛት የሚመገበው በውሃው ላይ አረንጓዴ ሆኖ የሚታየውን አልጌ ነው። ካርፕ ጭቃውን በአፉ እየማሰ ትልና ፍሬ ይለቅማል። አምባዛ ያገኘውን ሁሉ ይበላል፤ ትንሽ ዓሣም ይውጣል፤ ነገር ግን የሚመራው በማሽተትና በአራት ጥንድ ጺሞቹ ነው፤ እንቅስቃሴውም ይበልጥ በሌሊት ነው።

ታዲያ የባስ ዕቃ ይዤ ብሄድ ዋጋ የለውም?

አለው። ዘንጉም፣ ክር መጠቅለያው ሪልም ይሠራሉ። የማይሠራው አብዛኛው የሉር ሣጥን ነው፣ ያ ትንሽ ዓሣ ወይም ትል መስሎ እንዲያታልል የተሠራ፣ በቀለም ያሸበረቀ ፕላስቲክና ብረት።

ምክንያቱ ይኸውላችሁ። የባስ ዘንግ የሚሠራው ከአንድ እስከ ሦስት ኪሎ የሚመዝን፣ ድንገት የሚጎትት ዓሣ እንዲችል ነው። የሐይቅ ካርፕም አምባዛም ከዚያ ብዙም የማይርቅ ጉልበት ይጠይቃሉ። ስለዚህ መካከለኛ ጉልበት ያለው የባስ ዘንግ፣ 2500 ወይም 3000 የመጠን ቁጥር ካለው ሪል ጋር፣ እኛ አገር ለጀማሪ ከሚገኘው ሁሉ ይሻላል ብዬ አምናለሁ። የምትለውጡት የክሩን ጫፍ ነው፦ ሉሩን ፈትታችሁ አነስ ያለ መንጠቆ፣ ማስጠሚያ የሚሆን ትንሽ የእርሳስ ብረትና እውነተኛ ምግብ ታስራላችሁ። ሐይቅ ዳር ቀኑን ሙሉ ሉር ሲወረውር ውሎ ባዶ እጁን የተመለሰ ሰው ሳይ ያሳዝነኛል፤ አብዛኛውን ጊዜ የጎደለው አንድ እፍኝ ንፍሮ ነው።

ዘንጉ ላይ ከመያዣው ከፍ ብሎ ፊደልና ቁጥር ተጽፏል። ምን ማለት ነው?

ይህን ማንበብ የቻለ ሰው ግማሹን ምርጫ ጨርሷል። በብዙ ዘንጎች ላይ አራት ነገር ይጻፋል፦ ርዝመት፣ ጉልበት፣ የሚችለው የክር ጥንካሬ፣ የሚወረውረው ክብደት።

ርዝመቱ በጫማ ከሆነ 6 ጫማ ከ6 ኢንች ማለት 1.98 ሜትር፣ 7 ጫማ ማለት 2.13 ሜትር ነው። ጉልበቱ በፊደል ይጻፋል፤ ኤል ቀላል፣ ኤም ኤል መካከለኛ ቀላል፣ ኤም መካከለኛ፣ ኤም ኤች መካከለኛ ከባድ፣ ኤች ከባድ ማለት ነው። የክር ጥንካሬ በፓውንድ ነው፤ 8 ፓውንድ 3.6 ኪሎ፣ 12 ፓውንድ 5.4 ኪሎ ነው። የሚወረውረው ክብደት በአውንስ ይጻፋል፤ አንድ አውንስ 28 ግራም ስለሆነ ሩብ አውንስ 7 ግራም፣ ግማሽ አውንስ 14 ግራም ይሆናል።

ጉልበትና ጉብጠት ግን ይለያያሉ፣ ሰዉ የሚያምታታቸውም እዚህ ላይ ነው። ጉልበት ዘንጉ ለመጉበጥ ምን ያህል ክብደት እንደሚፈልግ ይናገራል። ጉብጠት ደግሞ የቱ ጋ እንደሚጎብጥ ይናገራል። «ፋስት» የተባለው ጫፉ ላይ ብቻ ይጎብጣል፣ «ሞደሬት» የተባለው እስከ መሐሉ ይጎብጣል። ለባስ ፋስት ይወደዳል፤ መንጠቆውን ጠንካራ መንጋጋ ውስጥ በፍጥነት ለመትከል ይረዳል። ቀረሶ ግን ከንፈሩ ስስ ነው፣ ካርፕም እጃችሁ ሥር ከደረሰ በኋላ ድንገት ይሮጣል፤ ለሁለቱም እስከ መሐሉ የሚለዝብ ዘንግ ይሻላል። ከሱቅ የምትመርጡ ከሆነ 7 ጫማ፣ ኤም ኤል ወይም ኤም፣ ሞደሬት ፋስት የሚል ፈልጉ።

ከዳር ቆሜ ነው የማጠምደው። ርዝመቱ ምን ያህል ይሁን?

ከዳር ለቆመ ረጅም ይሻላል፤ ከ2.1 እስከ 2.7 ሜትር። ዳር ላይ ያለውን ሸምበቆና ፊላ አሻግሮ ክሩን ከፍ ያደርግላችኋል። ከጀልባ ከሆነ 2 ሜትር ይበቃል።

አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ሐይቅ ጥልቅ ነው፤ መሐሉ ከ80 ሜትር ያላነሰ ጥልቀት አለው፣ በብዙ ቦታም ዳሩ ቶሎ ገደል ይሆናል። ስለዚህ ሩቅ መወርወር ብዙ ጊዜ ጥቅም የለውም። ቀረሶ የሚውለው ጥልቀት በሌለው ዳር ነው፤ ወንዱ ጎጆውን የሚቆፍረውም እዚያው ነው። ሃምሳ ሜትር የወረወረ ሰው ዓሣውን ከኋላው ትቶ ባዶ ገደል ውስጥ ይጥላል።

ሦስት ዓይነት ሪል አየሁ። የቱን ልያዝ?

ከዘንጉ ሥር የሚንጠለጠለውን፣ ስፒኒንግ የሚሉትን። ክሩ የሚጠቀለልበት አካል ሲወረወር አይዞርም፤ ክሩ እየተፈታ ብቻ ይወጣል። ስለዚህ 5 ግራም የማትሞላ ነገርም ትወረወራለች፣ ነፋስ ቢነሳም ችግሩ ትንሽ ነው።

ከዘንጉ ላይ የሚቀመጠው ቤይትካስተር የባስ አጥማጆች መመኪያ ነው። ከባድ ሉር በትክክል ለማነጣጠር ወደር የለውም። ነገር ግን ክሩ የተጠቀለለበት ከበሮ አብሮ ይሽከረከራል፤ የተወረወረው ነገር ቀላል ከሆነ ወይም ነፋስ ከገጠመው ከበሮው ክሩን ቀድሞ ይሽከረከርና የማይፈታ ትብትብ ይሠራል። እኛ የምንወረውረው ሊጥና ሽምብራ ነው። በስጦታ ከመጣላችሁ ለአምባዛ በከባድ እርሳስ ተጠቀሙበት፤ ለመግዛት ግን አትቸኩሉ። ሦስተኛው ክዳን ያለው፣ በአውራ ጣት ቁልፍ የሚለቀቀው ነው። ለልጅ ጥሩ ነው፣ ጉልበቱ ግን ውስን ነው።

ሱቅ ውስጥ ስፒኒንግ ሪል ስታነሡ የኳስ ኩሽኔታውን ብዛት የሚያወራውን ጽሑፍ እለፉት። እጀታውን ቀስ ብላችሁ አዙሩ፤ የሚንገጫገጭ ወይም የሚይዝ ነገር ካለ መልሱት። ክር መያዣውን የሽቦ ቅስት ክፈቱና ዝጉ፤ ጥርት ብሎ መዘጋት አለበት። ክሩ የሚያልፍበት ትንሽዋ ተሽከርካሪ በጣት ስትገፋ መዞር አለባት፤ ካልዞረች ክሩን ትበላዋለች። ከዚያ ፍሬኑን እዩ።

የሪሉ ፍሬን ምን ያህል ይጥበቅ?

ዓሣ ሲሮጥ ክር እየለቀቀ የሚያደክመው ይኸው ፍሬን ነው። ድራግ ይሉታል፣ ብዙ ጊዜ ከሪሉ ፊት ያለው ክብ ቁልፍ ነው። ልኩ ከክሩ ጥንካሬ ከሩብ እስከ ሢሶ ነው። 10 ፓውንድ ክር ካላችሁ ሩቡ አንድ ኪሎ ከመቶ ግራም ያህል ነው።

ሚዛን አያስፈልግም። አንድ ሊትር የሚይዝ ሃይላንድ ውሃ ሙሉበት፣ የክሩን ጫፍ አንገቱ ላይ እሰሩ፣ ዘንጉን ቀጥ አድርጋችሁ ጫፉን ወደ ጠርሙሱ አዙሩና ቀስ ብላችሁ አንሡ። ጠርሙሱ ከመሬት ተነሥቶ ወዲያው ሪሉ «ትር… ትር…» እያለ ክር ሊለቅ ሲጀምር ልኩ ያ ነው። ምንም ካልለቀቀ አላሉት፤ ጠርሙሱ ሳይነሣ ክሩ ከፈሰሰ አጥብቁት። አለቃቀቁ መንቀጥቀጥ የለበትም፣ አንድ ወጥ ይሁን። ዋጋው ውድ የሆነውንና ርካሹን ሪል ከምንም በላይ የሚለየው ይህ ነው። ወደ ቤት ስትመለሱ ፍሬኑን አላሉት፤ ጠብቆ ከከረመ ውስጡ ያለው ዝርግ ቀለበት ይደፈጠጣል።

የትኛውን ክር ልጠቀም?

ለሐይቅ ሞኖ የሚባለው ነጠላ የናይለን ክር ይበቃል፤ ከ8 እስከ 12 ፓውንድ። ሲጎተት ይለጠጣል፣ መለጠጡም ስስ ከንፈር ያለውን ቀረሶ ከመሸርከት ያድናል። ርካሽ ነው፣ ቋጠሮም ይይዛል። ጠላቱ ፀሐይ ነው፤ በወሎ ፀሐይ መኪና መስኮት ሥር የከረመ ክር በእጅ ይበጠሳል።

የተጎነጎነው ብሬድ ለተመሳሳይ ውፍረት እጅግ ይጠነክራል፣ አይለጠጥም፣ ሣር ይቆርጣል። ለአምባዛ 30 ፓውንድ ብሬድ እወዳለሁ። ሁለት ነገር ግን አትርሱ፦ ከሥሩ ጥቂት ሜትር ሞኖ ካልተጠቀለለ ሪሉ ላይ ይንሸራተታል፣ እጅ ላይ ተጠቅልሎ ከተጎተተ ደግሞ ሥጋ ይቆርጣል። ፍሎሮካርቦን ውሃ ውስጥ ብዙም የማይታይ ነው ተብሎ ይሸጣል፤ አልጌ በበዛበት ውሃ ለዚያ ተጨማሪ ገንዘብ ማውጣት አያስፈልግም።

ክሩን ስትሞሉ ከጠርዙ ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ሲቀር አቁሙ። ከሞላ በላይ ከሆነ ሲወረወር በጥቅል ይዘረገፋል፣ ካነሰ አጭር ይወረወራል።

መንጠቆዎቹ ቁጥራቸው ግራ ያጋባል።

እስከ 1 ድረስ ቁጥሩ ሲበዛ መንጠቆው ያንሳል፤ 12 ከ6 ያነሰ ነው። ከ1 በኋላ ግን በዜሮ ይጻፋል፣ 1/0፣ 2/0፣ 4/0 እያለ ይተልቃል። ለቀረሶ ከ8 እስከ 12፣ ለካርፕ ከ4 እስከ 8፣ ለአምባዛ ከ1/0 እስከ 4/0 ያዙ።

የባስ ሣጥን ውስጥ የሚገኙት መንጠቆዎች በአብዛኛው 2/0ና ከዚያ በላይ ናቸው። ለአምባዛ ይሆናሉ፤ ለቀረሶ ግን አፉ ውስጥ አይገቡም። «ምግቤን እየበላ ይሄዳል፣ አይያዝም» የሚል ሰው ሲያማክረኝ መጀመሪያ የማየው የመንጠቆውን መጠን ነው።

ምን ዓይነት ምግብ ላስር?

እዚህ ላይ ወሎዬ ዕድለኛ ነው፤ ማጀቱ ውስጥ ሁሉ አለ።

ለቀረሶ የስንዴ ሊጥ። ዱቄቱን በጥቂት ውሃ ለውሱ፣ እጅ ላይ መጣበቅ እስኪተው እሹት። የአተር ፍሬ የምታህል እንክብል ሠርታችሁ የመንጠቆውን ጫፍ ብቻ ሸፍኑ። የምድር ትልም ይወዳል፤ ሙሉውን ሳይሆን የጣት ጥፍር የምታህል ቁራጭ። ከላይ ተንሳፋፊ አድርጉበት። የቡሽ ክዳን፣ ወይም ያረጀ ነጠላ ጫማ ስፖንጅ ተቆርጦ ይበቃል። የቀረሶ አነካከስ ለስላሳ ነው፤ ቡሹ አይሰምጥም፣ ሁለት ሦስቴ ይርገበገብና ወደ ጎን ይንሸራተታል። ጎትቱ የሚባለው ሲንሸራተት ነው፣ ሲርገበገብ አይደለም።

ለካርፕ የሽምብራ ንፍሮ። ሽምብራውን ሌሊቱን ዘፍዝፉ፣ በጣት ሲጨመቅ እስኪለዝብ ግን እስከማይፈርስ ቀቅሉ። ከዚያ ካርፕ አጥማጆች «የፀጉር አስተሳሰር» የሚሉትን ሞክሩ፦ መንጠቆውን ስታስሩ ከቋጠሮው የሚተርፈውን ክር አትቁረጡ፤ ከመንጠቆው መታጠፊያ ወደ ታች አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል እንዲንጠለጠል አድርጉና ጫፉ ላይ ትንሽ ዘለበት ቋጥሩ። ሽምብራውን በመርፌ በስታችሁ ዘለበቱን በውስጡ አሳልፉ፣ እንዳይወጣም የመጥረጊያ ስንጥር ቁራጭ አግድሙበት። መንጠቆው ራቁቱን ነው፣ ሽምብራው ከጎኑ ተንጠልጥሏል። ካርፕ ምግብን የሚመገበው በአፉ ስቦ፣ ቀምሶ፣ የማይወደውን መልሶ በመትፋት ነው። ሽምብራውን ሲስብ መንጠቆው አብሮ ይገባል፤ ሊተፋው ሲል የመንጠቆው ጫፍ የታችኛውን ከንፈሩን ይይዛል። ከመወርወራችሁ በፊት አንድ ሁለት እፍኝ ንፍሮ እዚያው ቦታ በትኑና ታገሡ።

ለአምባዛ ሽታ ያለው ሁሉ ይሆናል፤ የዶሮ አንጀት፣ ጉበት፣ የቀረሶ ሆድ ዕቃ። ከውሃው ሥር፣ መሬት ላይ ይረፍ። ሰዓቱ ከመሸ በኋላ ነው።

እርሳስ ከጎሚስታ ማግኘት ትችላላችሁ፤ ለጎማ ሚዛን የሚለጠፉት ቁርጥራጮች ያገለግላሉ፣ ግን ሁሉም እርሳስ አይደሉም፤ በጥርስ ሳይሆን በፒንሳ እጠፏቸው። እርሳስ መርዝ ነው፣ እጃችሁን ሳትታጠቡ አትብሉ።

ሉር ጨርሶ አይሠራም ማለት ነው?

እንደዚያ አይደለም፣ ቦታውን ይፈልጋል። ወንዞቻችንን አስቡ። ቦርከናና ሚሌ ወደ አዋሽ፣ በሽሎ ወደ ዓባይ የሚፈሱ ናቸው፤ በሁለቱም ተፋሰሶች ነጭ ዓሣ የሚባለው የባርበስ ወገን ይኖራል፣ እሱም ያገኘውን የሚበላ ንቁ ዓሣ ነው። ከ3 እስከ 7 ግራም የምትመዝን፣ ስትጎተት የብረት ቅጠሏ የምትሽከረከር ትንሽ ስፒነር ወራጅ ውሃ ውስጥ ጣሉለት። ከክረምቱ ጎርፍ በኋላ ውሃው ጠርቶ ሲረጋ፣ ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ፣ ጥሩ ጊዜ ነው።

ከወሎ ከወጣችሁ ደግሞ ጣና ውስጥ ዓሣ እየበሉ የሚኖሩ፣ ሌላ ቦታ የማይገኙ የባርበስ ዝርያዎች አሉ። ጫሞ ላይ ናይል ፐርች አለ፤ እሱ የሉር ዓሣ ነው፣ የባሱ መካከለኛ ዘንግ ግን አይችለውም።

ስለዚህ ከባስ ሣጥን ውስጥ ትንንሽ ስፒነሮችንና ማንኪያ የሚመስሉትን አስቀሩ። ለስላሳ የፕላስቲክ ትል በቀስታ ከመሬት ላይ ቢጎተት አምባዛ አልፎ አልፎ ይወስደዋል። ክራንክቤት የሚባሉት ዓሣ መሰል ትልልቅ ሉሮችና በውሃ ላይ የሚንሳፈፉ የፕላስቲክ እንቁራሪቶች ለጌጥ ይሁኑ።

ያገለገለ ዘንግ ልገዛ ነው። ምን ልመልከት?

ቀለበቶቹን። ትንሽ ጥጥ በእንጨት ጫፍ ላይ ጠቅልሉና በእያንዳንዱ ቀለበት ውስጥ አዙሩ። ጥጡ የያዘበት ቦታ ስንጥቅ አለ ማለት ነው፤ በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ክር ሲበጥስ ይኖራል። ቀጥሎ ዘንጉን በጥፍር ከላይ እስከ ታች እየዳበሳችሁ ጭረት ፈልጉ። ካርቦን ዘንግ ቀላልና ስሜቱ ስል ነው፣ ግን ከተመታ በኋላ በሌላ ቀን ድንገት ይሰበራል። ፋይበርግላስ ይከብዳል፣ አይበገርም፤ በሚኒባስ ጣሪያ ለሚጓዝ ሰው እሱ ይሻለዋል። እየተጎተተ የሚረዝመው ዘንግ ለመያዝ ይመቻል፤ አሸዋ ከገባበት ግን ይጣበቃል፣ ከሦስት ሜትር በላይ የሆነው ደግሞ ጫፉ ደካማ ነው።

ለልጄ ምን ልግዛለት?

ምንም። ሦስት ሜትር ሸምበቆ ወይም ቀርከሃ ቁረጡለት፣ ያንኑ የሚያህል ክር ጫፉ ላይ እሰሩ፣ 10 ቁጥር መንጠቆ፣ ቡሽ፣ ሊጥ። ቀረሶ ዳር ላይ ስለሚውል ሪል አያስፈልገውም። ከውሃው ጠርዝ ግን ብቻውን አትተዉት፤ ዳሩ ቶሎ ገደል ይሆናል ብያለሁ።

ፈቃድ ያስፈልጋል? የትስ ነው የማይጠመደው?

የፌዴራሉ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ነው፤ ዝርዝሩን ክልሉ ያስፈጽማል። ለሽያጭ ለማጥመድ ፈቃድ የግድ ነው። ለመዝናናትም ቢሆን ተሁለደሬ ወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት ጎራ ብላችሁ ጠይቁ፤ ከመረብ አጥማጆች ማኅበራትም ጋር ተዋወቁ። ኑሯቸው ነው፣ መረባቸው ላይ መንጠቆ መወርወር ነውር ነው።

ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም፣ አባ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው መቶ ዘመን ያስተማሩበት፣ ወደ ውሃው በገባ ምድር ላይ ነው። ከገዳሙ ዳር ሳታስፈቅዱ አትጥመዱ፤ ወንዶች ብቻ የሚገቡበት መሆኑንም ቤተሰብ ይዛችሁ ስትመጡ አስቡ።

ብርብራ ፈጭቶ ውሃ ውስጥ መበተንን በተመለከተ የምለው አንድ ነው፦ አታድርጉት፣ ሲደረግም ዝም አትበሉ። ትልቁንም ጫጩቱንም አንድ ላይ ይጨርሳል። የተቆረጠ ክርም ዳር ላይ አትጣሉ፤ የወፍ እግር ያንቃል።

ዓሣው ዳር ደረሰ። ከዚያስ?

በክሩ አንጠልጥላችሁ አታውጡት። እጀታ ያለው መረብ ያዙ፣ ካልሆነም ዳሩ ላይ አንሸራትቱት። አምባዛ በግራና በቀኝ ክንፉ ላይ ስል እሾህ አለው፤ ከጭንቅላቱ ኋላ፣ ከእሾሆቹ ጀርባ በሁለት እጅ ያዙት። አየር መተንፈስ ስለሚችል ከውሃ ወጥቶም ለረጅም ሰዓት ይኖራል፤ ሞቷል ብላችሁ እጃችሁን አፉ አጠገብ አታዝናኑ። አፏ ውስጥ ጫጩት የያዘች ቀረሶ ካገኛችሁ በእርጥብ እጅ መንጠቆውን ነቅላችሁ ወዲያው መልሷት። እናቲቱ እንቁላሏንም ጫጩቶቿንም በአፏ ነው የምታሳድገው።

የቀረውን ቶሎ ሆዱን አውጥታችሁ በጥላ አኑሩ። ወሎ ውስጥ ሥጋ ማን ባረከው፣ ማን አረደው ይባላል፤ ዓሣ ግን አይታረድምና ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ከአንድ ትሪ ይበላዋል። እኔ ይህን ሥራ የምወድበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

አጎቴ ከአሜሪካ ሊመጣ ነው። «ምን ላምጣልህ?» አለኝ።

ሉር እንዳያመጣ ቶሎ ንገሩት፤ ሱቅ ሲገባ ዓይኑ የሚያርፈው እዚያ ነው። እንዲህ ብላችሁ ጻፉለት፦ «ጋሼ፣ በሦስት ወይም በአራት የሚከፈል 7 ጫማ መካከለኛ የስፒኒንግ ዘንግ፣ 2500 ወይም 3000 ሪል፣ 10 ፓውንድ ሞኖ ክር ሁለት ጥቅል፣ 4፣ 6፣ 8 እና 10 ቁጥር መንጠቆ፣ ለአምባዛ 2/0፣ እና ክር እንዳይጠማዘዝ የሚያደርጉ ትናንሽ ተሽከርካሪ ማያያዣዎች።» በአራት የሚከፈለው ዘንግ ሻንጣ ውስጥ ይገባል፣ ስለ ረጅም ቱቦ ከአየር መንገዱ ጋር ከመከራከር ያድነዋል። ስለ ምርት ስም ከጠየቃችሁ ሺማኖም ዳይዋም አቡ ጋርሲያም ርካሹን ደረጃ በአስተማማኝ ይሠራሉ፤ ከመካከለኛው በላይ መክፈል አያስፈልገውም። መንጠቆና ሪሉ በሚጫነው ሻንጣ ይሁኑ፣ በእጅ በሚያዘው አይሁኑ። ክሩ ደግሞ አዲስ የተገዛ ይሁን፤ ከጋራዡ መደርደሪያ የወረደ አሮጌ ጥቅል ከሆነ እዚያው ይተወው።